የልጅ የትምህርት አደራ ሂሳብ ምንድን ነው?

በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ኬፕ ዮርክ የሚባል ሰፊ ልሳነ ምድር አለ። እዚያ በሚገኙ የአቦርጂናል (የሀገሪቱ ነባር ሕዝብ) መንደሮች፣ ለልጅ ትምህርት ብቻ ተብሎ የሚከፈት የቁጠባ ሂሳብ አለ። «ስቱደንት ኤጁኬሽን ትረስት» ይሉታል። እኛ የትምህርት አደራ ሂሳብ እንበለው።

አሠራሩ አያወሳስብም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከደመወዙ ወይም ከመንግሥት ድጎማው ላይ በየጊዜው ስንት እንደሚቆረጥ ራሱ ይወስናል። ገንዘቡ እጁ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ልጁ ሂሳብ ይሄዳል። አያትና አክስትም መጨመር ይችላሉ። ልጁ ገና በተወለደ ማግስት መጀመር ይቻላል። የሚወጣው ግን ለትምህርት ብቻ ነው። ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ የትምህርት ቤት ጉዞ፣ አዳሪ ሲገባ የሚያስፈልገው ዕቃ። ለመኪና ጎማ አይወጣም። ለለቅሶም አይወጣም።

ለምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ 20 ዶላር ቢቆረጥ በዓመት 520 ዶላር ይሆናል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው 2,600 ዶላር ተቀምጦለታል ማለት ነው። ማንንም ሀብታም አያደርግም። ጥቅሙ የሚታየው በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ትምህርት ሲከፈት ነው። ኬፕ ዮርክ ላይ ያ ወቅት ከባድ ዝናብ የሚወርድበት ነው። ኮዌን የምትባለው ትንሽ ከተማ ከትልቋ ከተማ ከኬርንስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ አውሩኩን የምትባለው መንደር ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። መንገዱ በጎርፍ ሲዘጋ ዕቃ የሚገባው በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። የገና በዓል አሁን ማለፉ ነው፣ ኪስ ባዶ ነው። እንዲህ ባለ ሰሞን የቦርሳና የጫማ ገንዘብ ቀድሞ ተቀምጦ ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው።

ታዲያ ለምን ተራ የባንክ ሂሳብ አይበቃም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

በእነዚህ ማኅበረሰቦች ዘመድ ሲጠይቅ መስጠት የኖረ ደንብ ነው። ዛሬ የሰጠ ነገ ይሰጠዋል። በችግር ጊዜ ሰው ወድቆ የማይቀረው በዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ገንዘብ በሚገባበት ቀን ሁሉም አንዷን እናት ሲከባት ነው። ጠያቂው ወንድሟ ነው፣ የአጎቷ ልጅ ነው። ጨክና እምቢ ብትል ይቀየሟታል፣ ብትሰጥ የልጇ ነገር ይቀራል። ባሕር ማዶ ሆኖ ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ አንባቢ ይህን ጭንቀት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። የአደራ ሂሳቡ ለእናትየዋ እውነተኛ መልስ ይሰጣታል። «የለኝም፣ የልጁ ነው፣ እኔም ላወጣው አልችልም።» እንደ እኔ ከሆነ የዚህ ነገር ትልቁ ጥበብ እዚህ ጋ ነው። ማንንም ሳያስቀይሙ እምቢ ማለት ያስችላል።

ሰዎች ለዚሁ ችግር ሌላም መላ ነበራቸው፣ የሱቅ ዱቤ። በአንዳንድ ሩቅ ቦታዎች ደንበኛው የባንክ ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ለባለሱቁ ይሰጣል። ገንዘብ ሲገባ ባለሱቁ ዕዳውን ይቆርጣል፣ ደንበኛው በቀሪው አስቤዛ ይወስዳል። በሳውዝ አውስትራሊያ ሚንታቢ በሚባል ቦታ የነበረ አንድ እንዲህ ያለ ሱቅ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተከሶ፣ ጉዳዩ እስከ ሀገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዳኞቹ አራት ለሦስት ተከፋፍለው ለባለሱቁ ፈረዱ። ከክርክሩ የሚገርመው፣ ገንዘቡ ባለሱቁ ጋ መሆኑ ደንበኞቹን ከዘመድ ጥያቄ ያድናቸዋል መባሉ ነው። ሰው ካርዱን አሳልፎ የሚሰጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም ማለት ነው። የአደራ ሂሳቡም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ዕዳ የለበትም፣ ቁልፉም ነጋዴ ኪስ ውስጥ አይደለም።

አሁን ደግሞ ታሪኩ። «ገንዘባችሁን እንያዝላችሁ» የሚል ድምፅ ኬፕ ዮርክ ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ መጥፎ ትዝታ ይቀሰቅሳል። በ1897 በወጣው ሕግ መሠረት የአቦርጂናል ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ደመወዙን «ጠባቂ» ተብሎ የተሾመ ባለሥልጣን ይይዝለት ነበር። ጠባቂው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ፖሊስ ነው። ሰውየው የገዛ ላቡን ለማውጣት ፈቃድ ይለምናል። ይህ ቁጥጥር እስከ 1970ዎቹ ዘለቀ፣ ብዙው ገንዘብም የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በ2019 የኩዊንስላንድ መንግሥት ለሠራተኞቹና ለወራሾቻቸው 190 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎቹ ባለመብቶች ግን ሳያዩት አልፈዋል።

ስለዚህ በቁጠባው ፈቃደኝነት የሚለው ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። ሂሳቡን ያመጣው ኬፕ ዮርክ ፓርትነርሺፕ የተባለ ድርጅት ነው፤ መሥራቹ ኖኤል ፒርሰን ሆፕ ቬይል የተባለው የኬፕ ዮርክ መንደር ልጅና የሕግ ባለሙያ ነው። ድርጅቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዌስትፓክ ባንክ በተላኩ ሠራተኞች እገዛ የቤተሰብ በጀት ምክር ጀመረ። ኋላ ኤምፓወር በሚል ስም ቀጠለ። ሰው ቢሮው መጥቶ ገቢና ወጪውን ይጽፋል፣ ባንክ ይደውላል፣ ዕዳውን ይከፋፍላል፣ ለፍሪጅ ወይም ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ያጠራቅማል። ገብቶ መውጣት የራሱ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን ግዳጅም አለ። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ በአውሩኩን፣ በኮዌን፣ በሆፕ ቬይልና በሞስማን ጎርጅ የቤተሰብ ኃላፊነት ኮሚሽን ይሠራል። ልጅ ያለ ምክንያት ከትምህርት ቤት ሲቀር ወላጅ ይጠራል፤ የሚያነጋግሩት የዚያው መንደር ሽማግሌዎች ናቸው። ምክክሩ ካልያዘ፣ ከድጎማው 60፣ 75 ወይም 90 በመቶው መጠጥና ሲጋራ በማይገዛ ካርድ ላይ እንዲሆን ሊታዘዝ ይችላል። ደጋፊዎቹ ሽማግሌዎቹ ሥልጣናቸውን መልሰው አገኙ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ያ የጥንቱ ጠባቂ ነው ካርድ ይዞ የመጣው ይላሉ። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። የትምህርት አደራውን ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው፤ አንዱን እናት ትመርጠዋለች፣ ሌላው ይፈረድባታል።

ሂሳቡ የማይፈታው ብዙ ነው። የሱቁን ዋጋ አያወርድም፣ ሥራም አይፈጥርም። ኮዌን ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ገና በ12 ዓመቱ ገደማ አዳሪ ለመሆን ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል። አንሶላውን፣ ሻንጣውንና ላፕቶፑን ከሂሳቡ መግዛት ይቻላል። ልጁ ናፍቆት ጠንቶበት በሁለተኛው ወር ቢመለስ ግን፣ ሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ መልሶ አይወስደውም።