የበዓሉን ወጪ የሚችለው ማነው?

«የአገር በዓል ወጪ የመንግሥት ነው።»

በየዓመቱ የምሰማው ነገር ነው። እስቲ ጥምቀትን አስቡት። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲሄድ ወጣቶች ከፊቱ ቀይ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። የታለፈበትን ደግሞ ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ እንደገና ያነጥፉታል። ላባቸው ጠብ እስኪል። በብዙ ሰፈር ያ ምንጣፍ የተገዛው በመዋጮ ነው። ልጆቹ ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ሱቅ ለሱቅ ይገባሉ። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው የሰጧት ብርም እዚያ ደብተር ላይ ትመዘገባለች። መንግሥት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ጥበቃውና መንገድ መዝጋቱ የእሱ ሥራ ነው። ድምቀቱ ግን የሰፈሩ ነው፣ ይህ ሲረሳ ያመኛል።

«ፈረንጅ አገር ግን ሁሉንም መንግሥት ይሸፍናል።»

በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ በጁላይ 4፣ የሚተኮሰውን የዋሽንግተኑን ርችት አዎ፣ የፌዴራሉ የፓርኮች አገልግሎት ያዘጋጀዋል። የኒውዮርኩን ግን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ሜሲስ የተባለው የገበያ መደብር ነው። ፈረንሳይ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በብሔራዊ በዓላቸው ዋዜማና ዕለት፣ በጁላይ 13 እና 14 ማታ፣ ጣቢያቸውን ከፍተው ሕዝቡን ያስጨፍራሉ። ብዙዎቹ በር ላይ ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ የገባ ሰው የቻለውን ይጥላል።

«አሜሪካ ያለ ሠራተኛ ሁሉ በበዓል ከነደሞዙ ያርፋል።»

የፌዴራሉ ሕግ የግል ቀጣሪን ላልተሠራ በዓል ክፈል ብሎ አያስገድድም። ጉዳዩ የስምምነት ነው። በዚህ የእኛ ሕግ ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወር ደመወዝተኛ በሕዝብ በዓል ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም። ከሠራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል።

«ወታደር ካልተሰለፈ ብሔራዊ በዓል አይደምቅም።»

ፓሪስ ላይ ወታደሩ ይሰለፋል፣ ያምራልም። ኖርዌይ ግን ሜይ 17፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ሕገ መንግሥቷ የጸደቀበትን ቀን ስታከብር፣ መንገዱን የሚሞሉት ተማሪዎች ናቸው። ኦስሎ ላይ ባንዲራቸውን እያውለበለቡ በቤተ መንግሥቱ በር ያልፋሉ፤ ንጉሣዊው ቤተሰብ ሰገነት ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። ከሰልፉ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚቀርበውን ኬክ የሚጋግሩት፣ የልጆቹን ጨዋታ የሚያዘጋጁት ወላጆች ናቸው። ቀድመው ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ሥራ ይከፋፈላሉ። እኛ ሰፈር ለደመራ ማን እንጨት ያምጣ፣ ማን ዳቦ ይድፋ ተባብለን እንደምንከፋፈለው ማለት ነው።