«ለ ዡዌ»፦ የጋዜጣ ባለቤት፣ ጋዜጠኛና አንድ ልጅ

«ለ ዡዌ» (መጫወቻው) እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃ የፈረንሳይ ኮሜዲ ፊልም ነው። ደራሲውም ዳይሬክተሩም ፍራንሲስ ቬቤር ሲሆን፣ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ቬቤር ወደ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት በራዲዮ ጋዜጠኛነት ሠርቷል። የዝግጅት ክፍል ሰዎች አለቃ ሲመጣ እንዴት እንደሚሽቆጠቆጡ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ፊልሙ ገና ሲጀምር ያስታውቃል።

ፍራንሷ ፔራን (ተዋናይ ፒየር ሪሻር) ለ17 ወራት ሥራ አጥቶ የተንከራተተ ጋዜጠኛ ነው። በመጨረሻ «ፍራንስ ኤብዶ» በተባለ ጋዜጣ ይቀጠራል። የጋዜጣው ባለቤት ራምባል ኮሼ የናጠጠ ባለጸጋ ነው፤ ይህን ሰው የተጫወተው ሚሼል ቡኬ ነው። በእሱ ቤት ጺም ያስወቅሳል፣ መዳፉን የሚያልበው ሠራተኛም በዚሁ ሰበብ ከእንጀራው ይፈናቀላል። ፔራን ስለ መጫወቻዎች እንዲዘግብ የባለቤቱ ንብረት ወደሆነ ትልቅ መደብር ሲላክ፣ የባለቤቱ ልጅ ኤሪክ ከዕቃው ሁሉ መካከል ጋዜጠኛውን ይመርጣል። እምቢ የሚል አለቃ ጠፍቶ ፔራን እንደ ዕቃ በሳጥን ታሽጎ ወደ ልጁ ቤት ይጫናል። ሥራውን እንዳያጣ ሲል እሱም ይቀበላል።

የፊልሙ ልብ ግን ልጁ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ባለቤቱ ቢሮ ውስጥ ነው። ራምባል ኮሼ ዋና አዘጋጁን ብሌናክን ጠርቶ ልብሱን እንዲያወልቅና በዝግጅት ክፍሉ መሐል ራቁቱን እንዲያልፍ ያዘዋል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቆጣም። አንቱ የተባለው ዋና አዘጋጅ ጥቂት ያመነታና እጁን ወደ ሱሪው ይሰዳል። ያኔ ባለቤቱ ያስቆመውና ከሁለታችን አውሬው ማን ነው ብሎ ይጠይቀዋል፦ ሱሪህን አውልቅ ያልኩት እኔ ወይስ ለማውለቅ የተስማማኸው አንተ? ስለ ጋዜጣ ባለቤትነት በተሠሩ ኮሜዲዎች ውስጥ ከዚህ የሚስተካከል ትዕይንት አላየሁም። ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ብሌናክ ክፉ ሰው አይደለምና፣ ደመወዙን የሚፈልግ ሰው ነው።

የጋዜጠኝነትን ክብር የሚመልሰው ልጁ ነው። ኤሪክና ፔራን ተባብረው «መጫወቻው» የሚል የራሳቸውን ጋዜጣ ያዘጋጃሉ፤ የሚያጋልጡትም አባትየውን ነው። በትልቁ ጋዜጣ ማንም ያልደፈረውን እውነት አንድ ሕፃንና አንድ «ዕቃ» ይጽፉታል።

ብዙዎች ራምባል ኮሼን ከማርሴል ዳሶ ጋር አያይዘውታል። ዳሶ የአውሮፕላን ፋብሪካ ባለቤት ሲሆን «ዡር ደ ፍራንስ» የተባለው መጽሔትም የእሱ ነበር።

ሙዚቃው የቭላዲሚር ኮስማ ነው። ፊልሙ በሶቪየት ኅብረትም ብዙ ወዳጅ አግኝቷል። አሜሪካውያን በ1982 ሪቻርድ ፕራየርንና ጃኪ ግሊሰንን ይዘው ደግመው ሠሩት፤ እዚያም ዋናው ገጸ ባሕሪ ሥራ ያጣ ጋዜጠኛ ነው። በ2022 ዣሜል ደቡዝና ዳንኤል ኦቶይ በተጫወቱበት አዲሱ የፈረንሳይ ቅጂ ግን ጋዜጠኛው ቀርቶ በቦታው የመደብር የሌሊት ጥበቃ ገብቷል። የልጁና የባለጸጋው ታሪክ አልተነካም፤ ለብሌናክ የቀረበው ጥያቄ ግን የሚጠየቅበትን የጋዜጣ ቤት አጥቷል።