የጎላ ቀለም ምንድን ነው? የፕሉቶን ፎቶ «ፎቶሾፕ ነው» ለሚሉ

የፕሉቶን ፎቶ አይቶ ያልተደነቀ ሰው አላጋጠመኝም። ገጿ ላይ ያለውን ያንን ትልቅ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ነጭ ቦታ ሲያይ ልጅም አዋቂም አፉን ይከፍታል። ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ከአድናቆቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «ቀለሙ እኮ የውሸት ነው»። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ይህንኑ አስረግጦ ሲናገር ሰማሁ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ራሱ ከፎቶው ሥር የጻፈውን ነው። «የጎላ ቀለም ይላል፤ ይኸው ራሳቸው አመኑ» አለ።

ያመኑት ነገር የለም። ያ ጽሑፍ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ የሚናገር መረጃ ነው። ባይጻፍ ነበር መጠርጠር የነበረበት።

ስለ ፕሉቶ ታሪክ ብዙ አልሄድም። ፎቶውን ያነሳችው ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር በ1998 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ተወነጨፈች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ተባለች። መንኮራኩሯ ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በ12,500 ኪሎ ሜትር ርቀት አጠገቧ አለፈች። የሰበሰበችውን ልካ የጨረሰችው ግን ጥቅምት 2009 ላይ ነው፤ መረጃ የምትልክበት መስመር በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ኪሎቢት ብቻ ነበርና።

ዋናው ነገር ካሜራው ነው። ሎሪ የሚባለው ካሜራ ጥርት ያለ ምስል ያነሳል፣ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ። ቀለም የሚለየው ራልፍ የሚባለው መሣሪያ ነው። እሱም በአንዴ ባለቀለም ፎቶ አያነሳም። በሰማያዊ፣ በቀይ፣ ለዓይን በማይታየው ኢንፍራሬድ፣ እንዲሁም ሚቴን የተባለውን ንጥረ ነገር በሚለይ ጠባብ ማጣሪያ እየለየ ያነሳል። ወደ ምድር የሚመጣው በቁጥር የተሞላ ግራጫ ምስል ነው፤ ለእያንዳንዱ ማጣሪያ አንድ። ቁጥሮቹ ከዚያ ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንደመጣ ይናገራሉ። ቀለም የሚሆኑት እዚህ ምድር ላይ ሲጣመሩ ነው።

ታዲያ ማጉላት ማለት ምንድን ነው? እናታችሁ ዝግ ባለ ድምፅ የድሮ ነገር ሲያወሩ በስልክ ቀዳችሁ እንበል። በኋላ ስታዳምጡት አይሰማም። ድምፁን ከፍ አደረጋችሁ። ያላሉትን ቃል ጨመራችሁ? አልጨመራችሁም። የጎላ ቀለም እንዲሁ ነው። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው የቀለም ልዩነት በጣም ትንሽ ሲሆን፣ ዓይናችን እንዲለየው ልዩነቱ ይሰፋል። ኢንፍራሬዱስ? ያው በቅጂው ላይ ለጆሯችን የቀጠነ የሌሊት ወፍ ጩኸት ገብቷል እንበል። ቅጥነቱን አውርዳችሁ ብታሰሙኝ ወፏ በእርግጥ ጮኻለች፤ የተቀየረው እኔ የምሰማበት መንገድ ነው። ድምፅ ከፍ ሲል ግን ሹሹታውም አብሮ ከፍ ይላል፤ አንዳንዴም ቃል ይመስላል። ምስልም ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ጠብታ ስላያችሁ «ውሃ ነው» አትበሉ።

ጥቅሙን ራሱ ልቡ ላይ ማየት ይቻላል። በዓይን ሲታይ ልቡ አንድ ወጥ ነጭ ነገር ይመስላል። ቀለሙ ሲጎላ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ የምዕራቡና የምሥራቁ ወገን ቀለማቸው ይለያል። የምዕራቡ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአብዛኛው የናይትሮጅን በረዶ የሞላው ሜዳ ነው። ዳርቻው ላይ ከውሃ በረዶ የተሠሩ ተራሮች ቆመዋል። ይህን ልዩነት ማንም አልቀባውም። ቁጥሮቹ ውስጥ ነበር።

የእኔ እንጀራ የሳተላይት ምስል መተንተን ስለሆነ ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። የሐዋሳን አካባቢ በኢንፍራሬድ አጣምሬ ሳወጣ የወንዶ ገነት ደን ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ሐይቁ ጥቁር ይሆናል። «ደኑ እየነደደ ነው እንዴ?» ያለኝ ሰው አለ። ቅጠል ኢንፍራሬድን በጣም ስለሚመልስ ነው፤ እኛ ያንን በቀይ እናሳየዋለን። በተራ ፎቶ ሐይቁ ዳር የተንሳፈፈ አረምና አረንጓዴ የመሰለ ውሃ ይምታታሉ። በዚህኛው አረሙ ቀይ ሆኖ ቁልጭ ይላል። ቀለሙ «የውሸት» ቢሆን ኖሮ ጀልባ ይዘን ሄደን አረሙን እዚያው ባላገኘነው ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም። በሁለት የተለያዩ ዓመታት የተነሱ ምስሎች የማጉያ ልካቸው ካልተመሳሰለ በፍጹም አታወዳድሩ። «ሐይቁ ጠቆረ፣ ደኑ ሳሳ» የሚባለው አንዳንዴ የልክ መለያየት ብቻ ነው። በሙያችን ውስጥ ያሉ ሰዎችም ይሳሳቱበታል።

በሌላ ወገን ያለውንም ስህተት አልወደውም። ሐምራዊና ቢጫ የፈነዳበት የፕሉቶ ምስል አለ። በስታቲስቲክስ ስሌት ልዩነቶችን ለመነጠል የተሠራ ነው። ያንን «ፕሉቶ እንዲህ ናት» ብሎ ማሰራጨት ልክ አይደለም። እዚያ ላይ ሐምራዊ ማለት «ከአጠገቡ ካለው የተለየ» እንጂ ሌላ አይደለም።

«ታዲያ እዚያ ብንደርስ ምን እናያለን?» ለዚህ መልስ አለ። በዓይን ለሚታየው እንዲቀርብ ተደርጎ የተዘጋጀ ምስል ወጥቷል። ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ለስላሳ ቀለም ነው፤ ልቡ ደግሞ እንደ ክሬም ነጣ ይላል። የፀሐይ ብርሃን እዚያ ከእኛ በ1,000 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፤ ቀትሩ የእኛን ጀምበር የጠለቀችበትን ሰዓት ይመስላል። ይህኛውም ምስል ግን ያለ ስሌት አልተሠራም። ራልፍ አረንጓዴ ማጣሪያ የለውም፤ አረንጓዴው ከሌሎቹ ተሰልቶ ነው የገባው። ምንም ያልተነካ ነገር የሚፈልግ ሰው ግራጫዎቹን ምስሎች ከናሳ ማኅደር ያውርድ። ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ ክፍያ የላቸውም። አንደኛውን ማጣሪያ ከሌላው ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ራሱ ይለካ።