ኮማንደርስ፦ የዋሽንግተን ዲሲ ቡድንና አልላቀቅ ያሉት ደጋፊዎቹ

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ጨዋታውን ባይከታተል እንኳ ይህን ቡድን ያውቀዋል። እሑድ ቀን ሜትሮው የወይን ጠጅና የወርቅ ቀለም ማሊያ በለበሰ ሰው ጢም ሲል፣ ኡበር የሚነዳው ደግሞ ስታዲየሙ ያለበት ላንዶቨር አካባቢ ገብቶ መንገድ ላይ ከመታጎር ቢቀርብኝ ይሻላል ብሎ ሲያመነታ፣ ሰበቡ እሱ ነው። ዋሽንግተን ኮማንደርስ ይባላል፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ነው። ስሙ አዲስ ነው፣ ቡድኑ ግን ዘጠና ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ደጋፊው ያልቻለው ነገር የለም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅ ይዞ መሮጥም መወርወርም ይቻላል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፣ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት አምስት ግዙፍ ሰዎች አሉ። ሊጉ ኤን.ኤፍ.ኤል ይባላል፣ የዓመቱ ትልቁ ዋንጫ ሱፐር ቦውል ነው። ለዛሬ ይህ ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዲሲ አይደለም፣ ቦስተን ነው፣ በ1932። መጀመሪያ ብሬቭስ ተባለ። በዓመቱ ሜዳ ሲቀይር ሬድስኪንስ ሆነ፤ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በቆዳቸው ቀለም የሚጠራ፣ ኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣ ስም ነው። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ዋሽንግተን ውስጥ የላውንደሪ ቤቶች የነበሩት ነጋዴ ነው። ቦስተኖች ቡድኑን ከቁብም አልቆጠሩት። በ1936 ለፍጻሜ ሲደርስ እንኳ ሰው አልመጣ ስላለው ማርሻል ተናዶ ጨዋታውን ኒውዮርክ ወስዶ አደረገው፣ እዚያም በግሪን ቤይ 21 ለ 6 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ዲሲ ገባ።

የመጀመሪያው የዲሲ ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ዛሬ በቦታው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ዘጠነኛው መንገድና ዩ ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ክትፎ በልቶ የወጣ ሰው ትንሽ ወደ ሰሜን በእግሩ ቢሄድ እዚያው ይደርሳል። በዚያ ሜዳ ነው ሳሚ ባው የተባለ ቀጭን የቴክሳስ ልጅ በ1937 ቡድኑን ተቀላቅሎ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ያነሳው። ያኔ ኳስ መወርወር እንደ ጭንቅ ጊዜ መፍትሔ ነበር የሚታየው፤ እሱ የዘወትር ሥራ አደረገው። በ1942ም ደገሙት። በመሃል ግን በ1940 እዚያው ሜዳቸው ላይ፣ በፍጻሜ ጨዋታ፣ ቺካጎ ቤርስ 73 ለ 0 አድርጓቸዋል። የጻፍኩት ስህተት የለውም፣ ሰባ ሦስት ለዜሮ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዋሽንግተን ቤርስን 7 ለ 3 አሸንፎ ማርሻል "አልቃሾች" ብሎ ሰድቧቸው ነበር። የሊጉ ትልቁ የነጥብ ልዩነት ዛሬም ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 7፣ 1941 ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር እየተጫወቱ ሳለ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ማይክራፎኑ የጄኔራሉን፣ የባለሥልጣኑን፣ የጋዜጠኛውን ስም እየጠራ ቶሎ ቢሮህ ድረስ ይላል፤ ምን እንደተፈጠረ ግን አይናገርም። ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ቀጠለ። የመንግሥት ከተማ ቡድን መሆን እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አስቀያሚው ክፍል። ሌሎቹ ቡድኖች ከ1946 ጀምሮ ጥቁር ተጫዋቾችን አንድ በአንድ ሲያስገቡ ማርሻል አሻፈረኝ አለ። ቡድኑ ለደቡብ ክፍለ ግዛቶች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበርና የዚያን ገበያ ማጣት አልፈለገም፤ እሱ ራሱም ዘረኛ ነበር፣ ማለባበስ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ጥቁር እየሆነ በመጣበት ከተማ ነው። የሰበረው መንግሥት ነው። አዲሱ ስታዲየም የተሠራው በፌዴራል መሬት ላይ ስለነበር፣ የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ጥቁር ካልቀጠርክ እዚህ አትጫወትም አለው። በ1962 ቦቢ ሚቼል ከክሊቭላንድ መጣ፣ ሌሎችም አብረውት ገቡ። ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ የመጨረሻው መሆኑ ነው። የማርሻል ሐውልት ከስታዲየሙ ደጃፍ የተነሳው በ2020 ነው፣ ብዙ ዘግይቶ።

ዳላስን መጥላት የዚህ ደጋፊ ሃይማኖት ነው ማለት ይቻላል። አነሳሱም ያስቃል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሊንት መርቺሰን የሚባል ቱጃር ዳላስ ላይ ቡድን ሊያቋቁም ሲል ማርሻል የደቡብ ገበያዬን ይነጥቀኛል ብሎ ተቃወመ። መርቺሰን ምን አደረገ፣ የዋሽንግተንን የደጋፊ መዝሙር የባለቤትነት መብት በጎን ገዛ። ድምፅህን ካልሰጠኸኝ መዝሙርህን አትዘምርም አለው። ማርሻል እጁን ሰጠ፣ ዳላስ ካውቦይስም ተወለደ። ሁለቱ ሲገናኙ እስከ ዛሬ ሰላም የለም።

አዲሱ ስታዲየም በ1961 ተከፈተ፣ በ1969 በሮበርት ኬኔዲ ስም አር.ኤፍ.ኬ ተባለ። ያዩት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ስለ ወጣትነታቸው የሚያወሩ ይመስላል። ወደ 55 ሺህ ሰው ነበር የሚይዘው፣ ለዚህ ሊግ ትንሽ ነው። ግን ለቤዝቦል ሲባል የሚንቀሳቀስ ተደርጎ የተሠራ የመቀመጫ ክፍል ነበረው፤ ሰዉ አንድ ላይ ሲዘል ብረቱ ከነሰዉ ይዘል ነበር። የተጋጣሚ ተጫዋቾች መሬት የተንቀጠቀጠ ይመስላቸው ነበር። የዓመት ትኬት ማግኘት ደግሞ ሕልም ነው። ያለው ሰው ለልጁ በኑዛዜ ያወርሰዋል፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ይካሰሱበታል።

በ1971 የመጣው አሠልጣኝ ጆርጅ አለን ወጣት አይወድም፤ ያረጁ ተጫዋቾችን ሰብስቦ እስከ ሱፐር ቦውል ደረሰ። በጥር 1973 በማያሚ 14 ለ 7 ተሸነፈ፣ ማያሚ በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነበር። እውነተኛው ወርቃማ ዘመን ግን የጆ ጊብስ ነው። በ1981 ሥራውን የጀመረው በተከታታይ አምስት ሽንፈት ነው። ዛሬ ቢሆን በማግስቱ ይባረር ነበር። ያኔ ታገሱት። ሦስት ሱፐር ቦውል አመጣላቸው፣ በጥር 1983፣ በ1988 እና በ1992። ሦስቱንም በተለያዩ ኳርተርባኮች፣ በጆ ታይዝማን፣ በደግ ዊልያምስና በማርክ ሪፒን። ይህን የሠራ ሌላ አሠልጣኝ የለም።

የጊብስ ቡድን ጀርባው ከፊት የሚከላከሉት ግዙፎቹ ነበሩ፣ "ሆግስ" ይባላሉ፣ አሳሞቹ ማለት ነው። ስድብ አይደለም፣ ራሳቸውም ኮርተውበታል። ደጋፊውም አበደ። ጎልማሳ ወንዶች የአሮጊት ቀሚስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ የፕላስቲክ የአሳማ አፍንጫ አድርገው ስታዲየም መምጣት ጀመሩ፤ "ሆጌትስ" ተባሉ። ከ1983 ጀምሮ ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል እንዲህ ሲመጡ ኖሩ፣ በዚያው ለሕፃናት መርጃ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። አገር ቤት አንድ የባንክ ሠራተኛ እንዲህ ለብሶ ስታዲየም ሲገባ አስቡት።

ከሁሉ የሚበልጠው የ1988ቱ ነው። ደግ ዊልያምስ በሱፐር ቦውል ቋሚ ሆኖ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነበር። ያኔ ጥቁር ሰው ሯጭ እንጂ አሳቢ አይሆንም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር በሊጉ። ዴንቨር በመጀመሪያው ሩብ 10 ለ 0 መራ፣ ዊልያምስም ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። ተመለሰ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ታችዳውን (ኳሷን ከተጋጣሚው መጨረሻ መስመር አሳልፎ ማስቆጠር ነው) ወረወረ፣ ቡድኑ በአሥራ አምስት ደቂቃ 35 ነጥብ አስቆጠረ። 42 ለ 10 አለቀ፣ የጨዋታው ኮከብም እሱ ሆነ። ጥቁር አልፈልግም ይል የነበረው ቡድን ታሪክ ውስጥ በዚህ መንገድ መግባቱ ለዲሲ ሰው ምን እንደነበር፣ በዚያን ጊዜ እዚያ የነበሩ ሰዎችን ጠይቋቸው፣ ቶሎ አይጨርሱም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። በ1997 ቡድኑ ከከተማዋ ወጥቶ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ገባ። ትልቅ ስታዲየም ነው፣ ግን ነፍስ የለውም፣ ከቅርቡ የሜትሮ ጣቢያም አንድ ማይል ያህል ይርቃል። በ1999 ዳን ስናይደር በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ራሱ የልጅነት ደጋፊ ስለነበር ሰዉ ደስ ብሎት ነበር! ውጤቱ፦ በ24 ዓመት ውስጥ በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2009 የኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ የዓመት ትኬት ክፍያ ያቃታቸውን ደጋፊዎች ቡድኑ ፍርድ ቤት ገትሯቸዋል። በ2012 ሮበርት ግሪፈን የተባለ ፈጣን ወጣት ኳርተርባክ መጥቶ ተስፋ ሰጣቸው፣ ሰባት ጨዋታ አከታትለው አሸነፉ፤ በጥሎ ማለፉ በተበላሸ ሣር ላይ ጉልበቱ ሄደ፣ ተስፋውም አብሮ ሄደ። በጥር 2022 ደግሞ የስታዲየሙ የደጋፊዎች መከለያ ብረት ተገንጥሎ ሰዎች የኢግልሱ ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ አጠገብ ወደቁ። ለጥቂት ነው የተረፈው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የማይወዳደር ሐዘንም አለ። በኅዳር 2007 ሾን ቴይለር የተባለው የ24 ዓመት ተከላካይ ማያሚ ቤቱ ውስጥ በሌቦች ተተኩሶበት ሞተ። በሚቀጥለው ጨዋታ ተከላካዮቹ በመጀመሪያዋ ሙከራ በአሥራ አንድ ፈንታ በአሥር ሰው ቆሙ። 21 ቁጥር ማሊያው ዛሬም ስታዲየሙ ውስጥ በየቦታው ይታያል።

የስሙ ነገር በሕግ ክርክር ብቻ ከ1992 ጀምሮ ሲንከባለል ቆየ። የነባር ሕዝቦች ተሟጋቾች ስድብ ነው ሲሉ፣ ስናይደር መቼም አልቀይርም አለ። በ2020 ግን ከጆርጅ ፍሎይድ ሞት በኋላ ስፖንሰሮች ፊታቸውን አዞሩ፣ ስሙም በሳምንታት ውስጥ ወረደ። ገንዘብ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሁለት ሲዝን "ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም" ተብለው ከተጫወቱ በኋላ በየካቲት 2022 ኮማንደርስ ሆኑ። ብዙ ነባር ደጋፊ ስሙን አልወደደውም፤ የድሮውን ማሊያ ለብሶ የሚመጣው ዛሬም ብዙ ነው። ከእነሱ ውስጥ ጥቁሮች አሉ፣ ነጮች አሉ፣ ስደተኞች አሉ። እኔ ስሙ መቀየሩ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፣ ግን ማሊያው የአባቱ የሆነን ሰው አውልቅ ለማለት አፌ አይደፍርም።

በሐምሌ 2023 ስናይደር ቡድኑን ለጆሽ ሃሪስና ለሸሪኮቹ በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ከሸሪኮቹ አንዱ የቅርጫት ኳሱ ማጂክ ጆንሰን ነው። ያኑ ዕለት ሊጉ ስናይደርን በሠራተኛ ላይ በፈጸመው ጾታዊ ትንኮሳና ቡድኑ ገቢ በመደበቁ 60 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ደጋፊው ባለቤት ተቀየረ ብሎ አደባባይ የጨፈረበት ሌላ ቡድን አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ያልተጠበቀ ነው። በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን በ2024 ጄደን ዳንኤልስ የተባለ ጀማሪ ኳርተርባክ ይዞ አሥራ ሁለት አሸነፈ። ጥቅምት 27 ከቺካጎ ጋር ሰዓቱ አልቆ ኳሷን ወደ ሰማይ ለቀቃት፣ የሁለቱም ቡድን ሰው ተጋፍቶባት ከእጃቸው ተንሸራታ የዋሽንግተኑ ኖዋ ብራውን እጅ ገባች፤ 18 ለ 15። በጥሎ ማለፉ ታምፓንና ዲትሮይትን ከሜዳቸው ውጭ ጣሉ፣ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው ፊላደልፊያ 55 ለ 23 አሰናበታቸው። ያን ደረጃ ካዩ 33 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ2025 ዳንኤልስ ክርኑን ተጎዳና ደስታው አልቀጠለም።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ አር.ኤፍ.ኬ ነው። አሮጌው ስታዲየም እየፈረሰ ነው፤ የዲሲ ምክር ቤት በመስከረም 2025 በዚያው ቦታ አዲስ እንዲሠራ አጽድቋል። 65 ሺህ ሰው እንዲይዝ፣ በ2030 እንዲከፈት ታስቧል። ከከተማዋ ካዝና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወጣበታል፣ ያ ገንዘብ ለቤትና ለትምህርት ቤት ይሻል ነበር የሚሉ ነዋሪዎች አሉ፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የትኬቱ ዋጋ ከአሁኑ ያስጨነቃቸውም አሉ። አዲሱ ጣሪያ ይኖረዋል፤ በጥር ብርድ ቆመው የጮሁት ሽማግሌዎች ደግሞ በዚህም ተናደዋል፣ ጣሪያ ሥር የሚጫወት ሰው ዳላስ ነው እያሉ።