ዘጠነኛዋ ፕላኔት ምንድን ናት? ፕላኔት ወይስ ብርቱካን የምታህል ብላክ ሆል?

ልጅ ሆናችሁ የተጫወታችሁባትን ብይ አስታውሱ። ወርዷ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ ነው። አሁን መሬትን በሙሉ፣ ተራራውን፣ ውቅያኖሱን፣ መሃሏ ያለውን የብረት አስኳል ሳይቀር፣ ጠቅጥቃችሁ እዚያች ብይ ውስጥ አስገቧት። ወርዷ 1.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሬት ብላክ ሆል ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ ብርሃንም አያመልጣትም።

ክብደቱ 5 እጥፍ ቢሆንስ? ሊጥ ቢሆን ኖሮ 5 እጥፍ ሊጥ ስታድቦለቡሉት ወርዱ እጥፍ እንኳን አይሞላም። ብላክ ሆል ግን እንደዚያ አይደለም። ክብደቱ 5 ጊዜ ሲያድግ ወርዱም 5 ጊዜ ያድጋል። አምስት ብይ ጎን ለጎን ደርድሩ፤ 9 ሳንቲ ሜትር። ደህና አድርጎ ያደገ ብርቱካን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ያኩብ ሾልትዝ እና ጄምስ አንዊን የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ክብ በትክክለኛ መጠኑ ጥናታቸው ላይ አትመውት ነበር። አንድ ጥቁር ክብ፣ ሌላ ምንም የለም። እየተፈለገች ያለችው ዘጠነኛዋ ፕላኔት ይህች ብትሆንስ ብለው ነው የጠየቁት።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከኔፕቲዩን ወዲያ በረዷማ ትናንሽ አካላት ፀሐይን ይዞራሉ። አንዷ በ2003 የተገኘችው ሴድና ናት፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። የሚገርመው የሴድናና የጥቂት መሰሎቿ ምሕዋር ወደ አንድ ወገን የተዘረጋ መምሰሉ ነው። ዝም ብሎ የተበተነ ነገር እንዲህ አይሰለፍም። በ2016 ካልቴክ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኮንስታንቲን ባቲጊን እና ማይክ ብራውን ምክንያቱን ሲያስቀምጡ፣ አንድ ያልታየ ከባድ ነገር እየጎተታቸው ነው አሉ። ኋላ በተሻሻለው ስሌት ክብደቱ ከመሬት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ነው። ርቀቱ ደግሞ መሬት ከፀሐይ ካላት ርቀት በመቶዎች እጥፍ። (ብራውን ፕሉቶን የምታክለውን ኤሪስን ካገኙት አንዱ ነው። ፕሉቶ በ2006 ከፕላኔትነት የወረደችው በዚያ ግኝት ሰበብ ነው። አንዷን አስወርዶ ምትኳን እየፈለገ ነው ማለት ይቻላል።)

እስካሁን ማንም አላያትም። ይህ ብቻውን አያስደንቅም። ፕላኔት የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ብርሃን ነው የምትመልሰው። ብርሃኑ ሲሄድም ይሳሳል፣ ሲመለስም ይሳሳል። ርቀቷ እጥፍ ሲሆን ለእኛ የምትደምቀው 16 ጊዜ ያነሰ ነው። የመሬትና የፀሐይን ርቀት 500 ጊዜ ብታበዙት ብርሃን ራሱ እዚያ ለመድረስ ሦስት ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረውም። በ1977 የተወነጨፈችው ቮያጀር 1 እንኳን ገና የዚህን መንገድ ሲሶ ገደማ ነው የሄደችው።

ታዲያ ብላክ ሆል ከየት መጣ? ከስበት። ሴድናን የሚጎትታት ነገር ምን እንደሆነ ስበት አይነግረንም፤ ክብደቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ብላክ ሆል ሲባል ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ የሚውጥ አውሬ ይመስለናል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ፀሐይ አሁን፣ በያዘችው ክብደት፣ ብላክ ሆል ብትሆን ጨለማና ብርድ ይገድሉናል እንጂ መሬት ከምሕዋሯ ንቅንቅ አትልም። ለሴድናም ግዙፍ ፕላኔት ሆነ ብርቱካን፣ ክብደቱ እስከተካከለ ድረስ ያው ነው።

ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ብላክ ሆል ከኮከብ አይወለድም። ኮከብ ሞቶ የሚተወው ከፀሐይ ራሷ ብዙ የሚከብድ ነው። ትንሹ ሊፈጠር የሚችለው ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር፣ ከሰከንድ ቁራሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከልክ በላይ የተጠቀጠቀ ቦታ በራሱ ላይ ሲደረመስ ነው። ይህን ሐሳብ ሩሲያውያኑ ዜልዶቪችና ኖቪኮቭ በ1960ዎቹ፣ ስቴፈን ሃውኪንግ ደግሞ በ1971 አንስተውታል። ሃውኪንግ ኋላ ላይ ብላክ ሆል እየሞቀ ይተናል ቢልም፣ የእኛዋ ብርቱካን ሙቀቷ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ወለል፣ 0.004 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ከባዶው ጠፈር ትቀዘቅዛለች። በቴሌስኮፕ የሚያዝ ነገር የለም።

ሾልትዝና አንዊን ይህን ከባዶ አላመጡትም። ኦግል የሚባለው የፖላንዶች የሰማይ ቅኝት ወደ ጋላክሲያችን መሃል ሲመለከት፣ አንዳንድ ኮከቦች ለጥቂት ሰዓታት ደመቅ ብለው ሲመለሱ መዝግቧል። አንድ የማይታይ ነገር ፊታቸው አልፎ በስበቱ ብርሃናቸውን እንደ ሌንስ አጉልቶታል። የእነዚህ ነገሮች ክብደት ከዘጠነኛዋ ፕላኔት ግምት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዘር ቢሆኑስ ነው ጥያቄው። ያለ ኮከብ የሚንከራተቱ ፕላኔቶችም ያንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ብዙዎችም ወደዚያ ያደላሉ።

እኔም እንደዚያው። ፕላኔት መኖሩን እናውቃለን፤ ከዩኒቨርስ ጅማሬ የተረፈ ብላክ ሆል ግን አንድም ተይዞ አያውቅም። ደግሞ ከሁለቱም በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሰልፉ ራሱ እውነት ነው? ቴሌስኮፕ አንዳንዱን የሰማይ ክፍል ከሌላው አብልጦ ስለሚያይ ሰልፉ የዚያ ውጤት ነው የሚሉ አሉ። ፈረንሳዊው ለቬርዬ በስሌት ብቻ ያመለከተው ቦታ ላይ በ1846 ኔፕቲዩን ተገኘች። በ1859 ደግሞ የሜርኩሪ ምሕዋር ከስሌቱ ትንሽ ማፈንገጡን አይቶ፣ በዚያው ዘዴ በፀሐይና በሜርኩሪ መካከል ሌላ ፕላኔት አለ አለ። ቩልካን ተባለች፤ ለዓመታት ተፈለገች። የለችም። የሜርኩሪን ማፈንገጥ በ1915 የፈታው የአይንስታይን አዲስ የስበት ቀመር ነው።

አሁን ሁሉም የሚጠብቀው ቺሊ ተራራ ላይ ያለውን የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ነው። መስታወቱ 8.4 ሜትር ነው፤ በየጥቂት ሌሊቱ የደቡቡን ሰማይ እየደጋገመ ለ10 ዓመት ሊያነሳ ነው። ቀስ እያለች የምትሄድ ደብዛዛ ነጥብ ከያዘ ፕላኔት ናት፤ ብላክ ሆል እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም። ብርቱካኗ ግን ሌላ ምልክት ልትሰጥ ትችላለች። የሃርቫርዶቹ አሚር ሲራጅና አቪ ሎብ በ2020 አስልተውታል፦ ጅራታም ኮከብ ሊሆን የሚችል አንድ የበረዶ ቋጥኝ ከተጠጋት ይቦጫጨቃል፣ ይግላል፣ ወደ ውስጥ እየወደቀ ቦግ ይላል። ምንም በሌለበት ሰማይ ላይ፣ ለአንድ አፍታ። ከዚያ መልሶ ድርግም።