የቸው ጉርሻ እጅ መንሻ አይደለም

በቅርቡ ለሥራ ወደ ቬትናም ለሚሄዱ ነጋዴዎች በተሰጠ ገለጻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ገለጻ ሰጪው «ሚየንግ ቸው ላ ደው ከው ቹየን» የሚለውን አባባል ጠቀሰና «በኛ አማርኛ፣ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ እጅ መንሻ ያዝ ማለት ነው» ብሎ አለፈ። ሰዉም ማስታወሻው ላይ ጻፈ። እኔን ወንበሩ ቆረቆረኝ።

ቸው ከኖራና አሬካ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ፍሬ ጋር የሚታኘክ የቤቴል ቅጠል ነው። አባባሉ ቃል በቃል «የቸው ጉርሻ የጨዋታ መጀመሪያ ነው» ይላል። እጅ መንሻ ደጅ ጠኚው ለሹሙ የሚያቀርበው ነገር ነው፤ ቸው ግን ባለቤቱ ለእንግዳው የሚያቀርበው። ሰውዬው ነገሩን ከነእግሩ ገለበጠው።

ሃኖይ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ገጠር አያቱ ዘንድ ወሰደኝ። ጥርሳቸው ከሰል የመሰለ ነው፤ በልጃገረድነታቸው ያስጠቆሩት፣ ያኔ ቁንጅና ነበር። ቅጠሉን በጨርቅ ጠረግ አደረጉ፣ ኖራ በስሱ ቀቡት፣ ጠቀለሉና በገዛ ዘንጉ ወጋ አድርገው ዘጉት። ከአሬካ ፍሬ አንድ ቁራጭ ጨምረው ሰጡኝ። አኘክሁ፤ ጆሮዬ ጋለ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ምራቄ ደም መሰለ። እሳቸው ሳቁ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። የኖራው ማሰሮ «ኦንግ» ይባላል፤ ወንድ አያት የሚጠራበት ቃል ነው። አፉ በኖራ ሲደፈንም አይጣልም፣ ዋርካ ሥር ያኖሩታል።

በአፈ ታሪካቸው ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ የኖራ ድንጋይ፣ ሌላው የአሬካ ዛፍ ሆነ፤ የታላቁ ሚስት ዛፉ ላይ የምትጠመጠም የቤቴል ሐረግ። የቸውና የአሬካ ትሪ ከእጮኝነት ሥርዓት የማይቀረው ለዚህ ነው ይባላል።

እኔ ግን የአባባሉ ሥር ሌላ ይመስለኛል። «ቸው ስትበላ ገልጠህ እይ፤ ወይ መርዝ ነው ወይ ኖራው በዝቷል» የሚል የቆየ ግጥም አላቸው። እንግዲህ ባለቤቱ ዓይንህ እያየ ከጠቀለለልህ ጥርጣሬው በዚያው ይወድቃል፣ አፍ ይፈታል። ደግሞም ቸው፣ ደው፣ ከው እያለ ቤት የሚመታ አባባል በቀላሉ አይረሳም።

ዛሬ ቸው የአሮጊቶችና የሠርግ ሆኗል። ቢሮ ውስጥ ቦታውን የያዘው በትንሽ ሲኒ የሚቀርበው ሻይ ነው። ሻዩ ሲቀዳ ዕድሜህን ይጠይቁሃል፤ ነገረኝነት አይደለም፣ ታላቅ ወንድም «አንህ» ታናሽ «ኤም» ስለሚባል፣ ዕድሜህን ሳያውቁ ምን ብለው እንደሚጠሩህ ይቸገራሉ። አድራሻህን የያዘውን ካርድ በሁለት እጅህ ስጥ፣ የእነሱንም በሁለት እጅህ ተቀበል።

አቦል ሳይቀዳ የመጣበትን ጉዳይ የሚያነሳ እንግዳ ምን እንደሚባል የሚያውቅ የኛ ሰው ይሄን መሳቱ ይገርመኛል። ያን ቀን የጻፉት ነጋዴዎች አሁን ውድ ሰዓት እየሸመቱ ይሆናል። ሰዓቱ ይቆያቸው። ውሉን ከቦርሳ ሳያወጡ መጀመሪያ ሻዩን ይጠጡ፣ ዕድሜያቸውንም ሳይደብቁ ይናገሩ።