ሆን ብሎ አለማወቅ ምንድን ነው?

መልሱ ደጃፍ ድረስ መጥቶ እያለ «ይቅርብኝ» ማለት ነው። ተራ አላዋቂ ጥያቄው ራሱ አልመጣለትም። ሆን ብሎ የማያውቅ ሰው ግን ጥያቄውን ያውቀዋል፤ መልሱንም ይጠረጥራል። የማይጠይቀውም ስለሚጠረጥር ነው።

እኛ «ያላወቀ አለቀ» እንላለን። በዚያው አፋችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንላለን። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣው የቱ የት ቦታ እንደሚሠራ መለየቱ ላይ ነው።

ሰው በአብዛኛው ወደ ሁለተኛው ያደላል። ጌርድ ጊገረንዘር እና ሮሲዮ ጋርሲያ-ሬታሜሮ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ጀርመንና ስፔን ውስጥ ከ2,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው ነበር። የትዳር ጓደኛህ መቼ እንደሚሞት ማወቅ ትፈልጋለህ? ትዳርህ በፍቺ ያልቅ እንደሆነስ? ከ85 እስከ 90 በመቶው እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር አስቀድሜ ማወቅ አልፈልግም አለ። ሁሉንም ልወቅ ያለው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም። የሞት ቀን ታውቆ ምን ይደረጋል?

ሊደረግ የሚችል ነገር ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ከጣና አንርቅም። ባሕር ዳር ተወልዶ ሐይቁ ውስጥ ሳይንቦራጨቅ ያደገ ልጅ ብርቅ ነው። አሳ አስጋሪው፣ ደንገል ቆራጩ፣ ልብስ አጣቢዋ ሁሉ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የምታመጣው ትልም እዚያው ውሃ ውስጥ አለች። ትሏ መጀመሪያ የምታድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥታ ስትዋኝ የሰው ቆዳ ካገኘች ሰርስራ ትገባለች፤ ቁስል አያስፈልጋትም። ብዙው ሰው ለዓመታት ምንም አይሰማውም። ሳይታከም ከቆየ ግን ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም እስከ ማስመለስም ይደርሳል።

ምርመራው ቀላል ነው። ትንሽ ሰገራ ይወሰዳል፤ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ በጎኗ እሾህ ያላት ሞላላ እንቁላል ይፈልጋል። ከተገኘች ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን በታማሚው ኪሎ ተሰልቶ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ተውጦ ያልቃል። እና «ሁላችንም ጣና ያሳደገን ነን፣ ምን ይመረመራል?» የሚል ጎረምሳ ምንድን ነው የሚያተርፈው? ለእንዲህ ያለው ነው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው።

ከዚህ ጎን ሀንቲንግተን የሚባለውን በሽታ አስቀምጡት። ከወላጅ በዘር ይወርዳል፤ ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሳነት ይጀምርና አካልንም አእምሮንም ቀስ በቀስ ይበላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ዘረ-መሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለታወቀ ዛሬ በደም ምርመራ ቁርጡ ይነገራል። አገልግሎቱ ባለባቸው አገሮች እንኳን ስጋቱ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይመረመሩም። ይሄ ፍርሃት ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሰውየው ያለችውን ጥሩ ዕድሜ ሳይረበሽ ሊኖርባት ፈልጎ ነው። ልጅ ልውለድ አልውለድ ለሚል ግን ምርመራው ሌላ ትርጉም አለው።

አንድ የማልወደው ዓይነት ደግሞ አለ፤ ሌላው የሚጎዳበት አለማወቅ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ሰዎች ለራሳቸው ገንዘብ እንዲመርጡ ተደረገ። ምርጫቸው ሌላውን ሰው ይጎዳ እንደሆነ ለማየት አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃቸዋል፤ ወጪ የለውም። ወደ ግማሽ የሚጠጉት አልጫኗትም። ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ «ፍሳሹ የት ነው የሚገባው?» ብሎ የማይጠይቅም ያው ነው። ያውቃል እኮ!

እስካሁን ያልኩት ሰው ለራሱ ስለሚመርጠው ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ነው የሚመርጥልን።

መርዶን አስቡት። ባሕር ዳር አሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት አለች እንበል። ወንድሟ ደብረ ታቦር ላይ ከሰዓት በኋላ አርፏል። ጎረቤቱ ሰምቷል፣ እድሩ ሰምቷል፣ ሎሚ የምታመጣላት ልጅ ሳትቀር ሰምታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ከደንበኛ ጋር ትሳሳቃለች። አንዷ ጎረቤት «እትዬ፣ ስልክሽን አንዴ፣ የኔ ካርድ አልቆብኛል» ብላ ትወስድባታለች። ፌስቡክ ላይ ከወንድሟ ፎቶ ጋር «ነፍስ ይማር» ተለጥፏላ! ስልኩ ያን ማታ አይመለስም። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በሯን ያንኳኳሉ።

«ምነው በሌሊት? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ማለት አይጠበቅበትም።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ብልሃት አየዋለሁ። እውነቱ አልተካደም፤ ለአንድ ሌሊት ብቻ ቆየ። ስትሰማ ደጋፊ ትከሻ አጠገቧ አለ። ቀኑ ገና ሙሉ ነው፤ መኪና ተገኝቶ ለቀብሩ ትደርሳለች።

ሐኪም ቤት የምናደርገው ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ አስታማሚውን ወደ ውጭ ጠርቶ ካንሰር መሆኑን ይነግረዋል። አስታማሚው ዓይኑን አብሶ ይመለስና «ጨጓራ ነው አሉ» ይላል። ይኼኛው ንጋት የለውም። በሽተኛው ዕዳ ይኖርበታል፣ ያስቀየመው ሰው ይኖራል፣ ንስሐ ሊገባ ይፈልግ ይሆናል። ብዙዎቹ ደግሞ ከሰው ፊት ላይ ያነቡታል። ልጆቹ «እንዳይሰማ» ብለው፣ አባት «እንዳይጨነቁ» ብሎ፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ቁጭ ይላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ሰው ዘረ-መል ባወጣው ድንጋጌ የዘር ምርመራ ውጤትን የመስማትም ያለመስማትም ውሳኔ የተመርማሪው እንደሆነ ጽፏል። አለማወቅ መብት ሊሆን ይችላል፤ የመብቱ ባለቤት ግን በሽተኛው ነው።

ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ውጤቱ ሳይመጣ። ከገጠር መጥተው ባሕር ዳር የሚታከሙ አንድ ገበሬ ልጃቸው እንዲያ ብሎ እንደጠየቃቸው ሰምቻለሁ።

«አባ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ይንገሩዎት ወይስ ለእኔ?»

ሰውየው ትንሽ አሰቡና፣ «ላንተ ይንገሩህ» አሉት። «እኔ በሬውን ልሽጥ አልሽጥ እሱን ብቻ ንገረኝ።»